ኮምፒዩተር ሲነሣ ቀድሞ የሚናገረው ማን ነው?

የጅቡቲ ከተማ ኑሮዋ በሚያልፍባት ዕቃ ላይ የቆመ ነው። የምድር ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከፍተኛ ድርሻ በዚያ በኩል ሲመላለስ ኖሯል። ለብዙ ዓመታት አሰብ ድርሻውን ቢካፈልም የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ1998 ከተነሣ ወዲህ ከጭነቱ ከመቶ ዘጠና እጅ ገደማ የሚሆነው ወደ ጅቡቲ ዞሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስንዴው፣ ማዳበሪያውና ነዳጁ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለትምህርት ቤቶቻችን የሚገዛው ወይም በርዳታ የሚሰጠው ኮምፒዩተርም አብዛኛውን ጊዜ ከመርከብ የሚወርደው እዚያው ነው።

በከተማይቱ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያንም ሆነ ከአገሬው ሰው መካከል አዲስ ኮምፒዩተር ለመግዛት አቅሙ ያለው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገሮች መሥሪያ ቤት ውስጥ ያገለገለውን ይገዛል። ታዲያ ይህ ያገለገለ ኮምፒዩተር ቤት ገብቶ ሲበራ አንዳንድ ጊዜ እንግዳ ጠባይ ያሳያል። ሰዓቱ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ነበረ ቀን ይመለሳል። የማይታወቅ የውጭ ኩባንያ ስም በጥቁሩ ገጽ ላይ ብቅ ይላል። ባለቤቱ ያላወጣውን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ያወጣውንም ቃል አልቀበልም የሚልበት ጊዜ አለ። ከዚህ የባሰው ደግሞ የተደመሰሰ ፕሮግራም፣ ዲስኩ ተጠርጎ ከጸዳ በኋላ እንኳ ተመልሶ መገኘቱ ነው። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ «እጅ ገብቶበታል» ይላል።

ለዚህ አባባል የከተማይቱ ጠባይ ያግዛል። የፈረንሳይ ጦር ከቅኝ አገዛዙ ዘመን ጀምሮ እዚያው አለ። አሜሪካኖች ከ2002 ጀምሮ በሌሞኒዬ ሰፍረዋል፤ ጃፓኖች በ2011፣ ቻይናዎች በ2017 የጦር ሠፈር ከፍተዋል። ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚሄዱት የባሕር ውስጥ የመገናኛ ገመዶችም በርከት ብለው ከዚያው ጠረፍ ላይ ይወጣሉ። ይህን ያህል ጆሮ በተሰበሰበበት ከተማ የሚኖር ሰው ኮምፒዩተሬን አንድ ሰው ነክቶታል ብሎ ቢጠረጥር የሚያስቀው አይደለም። ነገር ግን የታሪክ መምህር ጥያቄ ከዚህ ይለያል፤ እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ ተደርጎ ያውቃል ወይ? ተደርጎስ ከሆነ በማን፣ መቼ፣ እንዴት?

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ኮምፒዩተር ሲነሣ ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል። ማብሪያው ሲነካ ዲስኩም፣ ዊንዶውስም ሆነ ሌላው ሥርዓት ገና አልነቃም። ቀድሞ የሚናገረው በኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ በተተከለች አንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ይህ የመነሻ ጽሑፍ (ባለሙያዎቹ ፈርምዌር ይሉታል) የኮምፒዩተሩን አካላት አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ ዲስኩን ፈልጎ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን ለዋናው ሥርዓት ያስረክባል። የፀረ ቫይረስ ፕሮግራምን ጨምሮ ከእርሱ በኋላ የሚነሣው ሁሉ የሚሠራው እርሱ የነገረውን አምኖ ነው።

በጥንቱ ጊዜ ይህን የመጀመሪያ ቃል የሚናገረው ባለቤቱ ራሱ ነበር። በ1975 ለገበያ የቀረበው አልቴር 8800 ሲበራ ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። ባለቤቱ በፊቱ ገጽ ላይ የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገ የመነሻውን ትእዛዝ በጣቱ ያስገባለት ነበር። በዚያው ዘመን ጋሪ ኪልዳል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ሲፒኤም ለተባለው ሥርዓቱ መሠረት የሚሆነውን ክፍል «ባዮስ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም እስከ ዛሬ በሰው አፍ ቀርቷል። አይቢኤም በነሐሴ 1981 የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ ባዮሱን በማይሻር ቺፕ ላይ ጽፎ ሰሌዳው ላይ ተከለው። መጠኑ ስምንት ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ፊደል በፊደል ቢቈጠር ከጥቂት የመጽሔት ገጾች አይበልጥም። የሚገርመው ኩባንያው ሙሉ ጽሑፉን በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ማተሙ ነው። ስለዚህ የፈለገ ሁሉ ሊያነበው ይችል ነበር፤ ሊለውጠው የሚችለው ግን ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ቺፑን ነቅሎ በሌላ የተካ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ሁኔታ የቀየረው የጃፓኑ የቶሺባ ኩባንያ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በ1984 ያስተዋወቀው ፍላሽ የተባለው የማስታወሻ ዓይነት ነው። በፍላሽ ላይ የተጻፈ ነገር በኤሌክትሪክ ተደምስሶ እንደገና ሊጻፍ ይችላል። በ1990ዎቹ ፋብሪካዎቹ የመነሻ ጽሑፉን ወደዚህ ቺፕ አዛወሩት። ምክንያታቸውም መልካም ነበር፤ ስሕተት ሲገኝ ዕቃውን ወደ ፋብሪካ መመለስ ሳያስፈልግ በአንድ ፍሎፒ ዲስክ ማረም ይቻላል። ነገር ግን ፋብሪካው ለእርማት የከፈተው በር በሌላም ሰው ሊከፈት የሚችል ሆነ።

ብዙ ጊዜም አልፈጀም። ቼን ኢንግ ሐው የተባለ የታይዋን ተማሪ በ1998 ያሠራጨው ሲአይኤች የተባለ ቫይረስ፣ ሚያዝያ ውስጥ ሃያ ስድስተኛው ቀን እስኪደርስ ተደብቆ እንዲቆይ ሆኖ የተሠራ ነበር። ቀኑ የቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ ከፈነዳበት ቀን ጋር ስለተገጣጠመ ሕዝቡ ቫይረሱን በዚያው ስም ጠራው። ሚያዝያ 26 ቀን 1999 በተለይ በእስያና በቱርክ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮች በአንድ ቀን ወደቁ። ቫይረሱ የዲስኩን መነሻ በዜሮ ይሞላል፤ ከቻለም በመነሻ ቺፑ ላይ ትርጉም የሌለው ነገር ይጽፋል። ቺፑ የተነካበት ኮምፒዩተር ጨርሶ አይነሣም፤ ገጹ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱም ቺፑን መተካት ወይም ነቅሎ በልዩ መሣሪያ እንደገና መጻፍ ብቻ ነበር። እንግዲህ የመነሻ ጽሑፍን ከሩቅ መንካት እንደሚቻል ዓለም በሰፊው ያየው በዚያ ቀን ነው።

ሲአይኤች አጥፊ እንጂ ሰላይ አልነበረም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን የተለየ ጠባይ ነበራቸው። በመካከሉ የመነሻ ጽሑፉ ራሱ አድጓል። ኢንቴል የጀመረውና ከ2005 ጀምሮ የኩባንያዎች ማኅበር የተረከበው ዩኢኤፍአይ የተባለው አዲሱ ዓይነት የጥንቱን ባዮስ ቀስ በቀስ ተካው። ዛሬ 16 ሜጋባይት የሚይዝ የመነሻ ቺፕ የተለመደ ነው፤ ይህም የአይቢኤም ባዮስ ከነበረው ከሁለት ሺህ እጥፍ በላይ ነው። በጥቂት ገጾች ውስጥ እንግዳ ሰው መደበቅ አይችልም፤ በትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን ይችላል።

የሚያስገርመው፣ ከሚደበቁት መካከል የተጋበዙም መኖራቸው ነው። አብሶሉት የተባለው የካናዳ ኩባንያ የተሰረቀ ኮምፒዩተር ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ኮምፒውትሬስ የተባለ ፕሮግራም ሠርቶ፣ ከፋብሪካዎች ጋር በመስማማት በብዙ ኮምፒዩተሮች የመነሻ ቺፕ ውስጥ አስገብቶታል። ሌባው ዲስኩን ቢጠርገው ወይም ቢለውጠው እንኳ የመነሻ ጽሑፉ ጠቋሚውን መልሶ ይተክለዋል። የካስፐርስኪ ባለሙያዎች በየካቲት 2014 እንደገለጹት ግን ይህ ፕሮግራም ባለቤቶቹ ሳያውቁት በሥራ ላይ ሆኖ የተገኘባቸው ኮምፒዩተሮች ነበሩ። በ2015 ደግሞ ሌኖቮ ከአንዳንድ ኮምፒዩተሮቹ ጋር በመነሻ ቺፕ ውስጥ የራሱን ፕሮግራም ልኮ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ቢጫንም ፕሮግራሙ እንደሚመለስ ታወቀ። ኩባንያውም ማስወገጃ ለማውጣት ተገደደ። ስለዚህ በጅቡቲ ገበያ አገልግሎ የተሸጠ ኮምፒዩተር ዲስኩ ከተጠረገ በኋላ የቀድሞው ጌታ ፕሮግራም ቢመለስበት፣ ነገሩ ምትሃት ሳይሆን በውል የተሠራ ሥራ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ዕቃውን ሸጠ እንጂ ቺፑ ውስጥ ያለውን ጠባቂ አላሰናበተም።

ለወደብ ከተማ ይበልጥ የሚያሳስበው ታሪክ በ2013 እና በ2014 የወጣው ነው። ከአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ድርጅት ሾልከው የወጡ ሰነዶች በጀርመኑ ዴር ሽፒግል መጽሔትና በግሌን ግሪንዋልድ መጽሐፍ ታተሙ። ከመካከላቸው እንደ ዕቃ ካታሎግ የተዘጋጀ ዝርዝር ነበር፤ በውስጡም በዴል ኩባንያ ሰርቨሮች ባዮስ ላይ የሚተከል ዴይቲባውንስ የተባለ መሣሪያ ይገኝበታል። ሌላው ሰነድ በማጓጓዝ ላይ ያለ ዕቃ መንገድ ላይ ተጠልፎ፣ ሣጥኑ በጥንቃቄ ተከፍቶ፣ የስለላ መሣሪያ ከተተከለበት በኋላ ታሽጎ ጉዞውን እንደሚቀጥል ይተርካል። ሠራተኞቹ የሲስኮን ሣጥን ሲከፍቱ የሚያሳይ ፎቶግራፍም አለበት። ከተጠቀሱት ዕቃዎች አንዱ ለሶርያ የቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅት የተላከ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ማድረግ ይፈቀድልኝ። ከጅቡቲ ከተማ ባሻገር ካለችው ከታጁራ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1886 ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ያረጀ ጠመንጃ ጭኖ ወደ ሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተነሥቶ ነበር። ያ ዕቃም አገልግሎ የተጣለ ነው። ነገር ግን ጠመንጃ ፈትቶ፣ ቃታውን ስቦ፣ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ይቻላል። የመነሻ ቺፕ ቢፈታ የሚታይ ነገር የለውም። ሣጥኑም እንደታሸገ መድረሱ ምንም አያረጋግጥም።

ይህ ሁሉ የታላላቅ መንግሥታት ጉዳይ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ ወደ ኢትዮጵያውያን የቀረበበትን ታሪክ ማንሣት ግድ ይላል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 በውጭ አገር ሆኖ ያሠራጭ በነበረው የኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኞች ላይ፣ ጽሑፍ የሚመስል ፋይል በስካይፕ ተላከባቸው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ፋይሉን መርምሮ በየካቲት 2014 ባወጣው ዘገባ፣ በውስጡ የተገኘው ሰላይ ፕሮግራም በሚላኖ ከተማ የሚገኘው ሃኪንግ ቲም የተባለ ኩባንያ ለመንግሥታት ብቻ ከሚሸጠው ጋር እንደሚመሳሰል ገለጸ። የጊዜው የኢትዮጵያ መንግሥት ነገሩን አስተባበለ። ነገር ግን በሐምሌ 2015 ሃኪንግ ቲም ራሱ ተዘረፈና 400 ጊጋባይት የሚሆን የኩባንያው ምስጢር አደባባይ ላይ ተሰጣ። ከደንበኞቹም መካከል የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ተገኘ።

ለእኛ ርእስ ዋናው ነገር በዚሁ ክምር ውስጥ የወጣው ሌላ ፋይል ነው። ትሬንድ ማይክሮ የተባለው ኩባንያ በዚያው ወር እንዳስታወቀው፣ ሃኪንግ ቲም በዩኢኤፍአይ የመነሻ ጽሑፍ ውስጥ የሚተከል ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ሥራው ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ሰላዩ በቦታው መኖሩን መፈተሽ፣ ከሌለም መልሶ መትከል ነው። ኩባንያው ባዘጋጀው ማብራሪያ ላይ ለመትከል ኮምፒዩተሩን በእጅ ማግኘት እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። እንግዲህ ሁለቱን ነገሮች ሳያምታቱ መያዝ ያስፈልጋል። በኢሳት ሠራተኞች ላይ የተሞከረው ጥቃት የመጣው በፋይል በኩል ነው፤ ተቀባዩ ካልከፈተው አይሠራም። የመነሻ ቺፑ መሣሪያ ደግሞ ያው ኩባንያ በመደርደሪያው ላይ ያስቀመጠው ሌላ ዕቃ ነው። አንዱን ሱቅ የጎበኘ ሁሉ የሱቁን ዕቃ በሙሉ ገዝቷል ማለት አይቻልም። ተማሪዎቻችን ማስረጃና ግምት የሚለያዩበትን መሥመር ለመለማመድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ብዙ አያገኙም።

በአዲስ አበባም በአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት የተነሣው ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይጠቀሳል። ቻይና ሠርታ በ2012 ባስረከበችው ሕንፃ ውስጥ የነበሩት ሰርቨሮች በየሌሊቱ ከእኩለ ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት መረጃ ወደ ሻንጋይ ይልኩ ነበር ሲል ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በጥር 2018 ጻፈ። ቻይና ውንጀላውን ፈጽሞ አልተቀበለችም። በዘገባው ላይ የተነገረው ስለ ሰርቨሮቹ የሌሊት ሥራ እንጂ ስለ መነሻ ቺፕ አይደለም።

የሚላኖው መሣሪያ ግን በዚያ አላበቃም። ከተዘረፈ በኋላ ለማንም ክፍት ሆነ። በመስከረም 2018 ኢሴት የተባለው የስሎቫኪያ ኩባንያ፣ በእውነተኛ ተጠቂ ኮምፒዩተር የመነሻ ቺፕ ውስጥ ተተክሎ የተገኘ የመጀመሪያውን የዩኢኤፍአይ ሰላይ ይፋ አደረገ። ሎጃክስ ተባለ፤ ስሙን ያገኘውም ከላይ ካነሣነው የካናዳ ኩባንያ የሌባ ጠቋሚ ነው፤ ሰላዮቹ ያንኑ ጠቋሚ ለውጠው ለራሳቸው ተጠቅመውበት ነበርና። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2020፣ ካስፐርስኪ ሌላ አገኘ። ይህኛው የተሠራው ከሃኪንግ ቲም ሾልኮ በወጣው ጽሑፍ ላይ ነው። የዘመቻው ዒላማዎች የአፍሪካ፣ የእስያና የአውሮፓ ዲፕሎማቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሲሆኑ፣ በመነሻ ቺፕ ደረጃ የተያዙት ግን ሁለት ብቻ ነበሩ። ለመንግሥታት ብቻ ይሸጣል የተባለው ዕቃ በአምስት ዓመት ውስጥ ሻጩ በማያውቀው ሰው እጅ ሆኖ በዲፕሎማት ጠረጴዛ ላይ ተገኘ።

እስካሁን የተባለው ጥርጣሬውን የሚያጠናክር ይመስላል። ሌላውን ወገን ሳይነግሩ ማለፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በ2013 ድራጎስ ሩዩ የተባለ በሙያው የታወቀ የኮምፒዩተር ደኅንነት ባለሙያ፣ ኮምፒዩተሮቹ ራሳቸው የመነሻ ጽሑፋቸውን እንደሚለውጡ፣ ከዲስክ አልነሣም እንደሚሉ፣ ከመረብ ተለያይተውም በድምፅ ማጉያቸው እንደሚነጋገሩ ለዓለም ተናገረ። ነገሩ «ባድባዮስ» ተብሎ ብዙ ተወራለት። ሌሎች ባለሙያዎች ከእርሱ የተቀበሉትን የቺፕ ቅጂ ሲመረምሩ ያገኙት እንግዳ ነገር አልነበረም። እስከ ዛሬም አልተረጋገጠም። በጥቅምት 2018 ብሉምበርግ የተባለው መጽሔት በሱፐርማይክሮ ሰሌዳዎች ላይ የቻይና ሰላይ ቺፕ ተተክሏል ብሎ ሲጽፍም፣ ስማቸው የተጠቀሰው አፕልና አማዞን ፈጽመው ካዱ፤ ቺፑንም ለሕዝብ ያሳየ የለም። ሩዩን ያህል አዋቂ በዚህ ነገር ላይ እርግጠኛ መሆን ካቃተው፣ በጅቡቲ ወይም በደሴ ያለ መምህር አንዲት ምሽት ባየው ነገር ብቻ ሊፈርድ አይገባም።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ምልክቶች እንመለስ። ከ1984ቱ አይቢኤም ኤቲ ጀምሮ ኮምፒዩተር ሲጠፋም ሰዓቱን የሚቆጥረው በሰሌዳው ላይ ባለች ትንሽ ባትሪ ነው። በዛሬዎቹ ላይ ሳንቲም የምታህል ባለ ሦስት ቮልት ክብ ባትሪ ትገኛለች። በጋው ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ አየሩም ጨው በተሸከመበት ከተማ ባትሪዋ በቶሎ ብትደክም አያስደንቅም። ስትደክም ሰዓቱ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ይህ ቀን ጥር 1 ቀን 1980 ነው፤ የመጀመሪያው የአይቢኤም ሥርዓት ቀን መቁጠር የጀመረው ከዚያ ስለሆነ ነው። ቀኑ ሲሳሳት የኢንተርኔት ገጾች የማረጋገጫ ሰነዳቸው ጊዜውን ያልጠበቀ መስሎ ስለሚታይ ኮምፒዩተሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ያስጠነቅቃል። ባለቤቱም ይህን ሲያይ ጥርጣሬው ይጸናል። የሁሉም መነሻ ግን ከሰዓት መሸጫ የምትገዛ አንዲት ባትሪ ናት።

የይለፍ ቃሉም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በጅቡቲ የሚሸጡት ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች የፈረንሳይኛ ቁልፍ ሰሌዳ አላቸው። የመነሻ ጽሑፉ ግን ዊንዶውስ ገና ስላልነቃ አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካኑን አደራደር ይገምታል። ባለቤቱ «ኤ» የሚለውን ሲጫን «ኪው» ይደርሰዋል። ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አልቀበልም ቢል፣ ያለያያቸው ቋንቋ እንጂ ሰላይ አይደለም። በገጹ ላይ የሚታየው የኩባንያ ስምም የቀድሞው ባለንብረት ዕቃው እንዳይጠፋበት ያስጻፈው መለያ ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ከሲአይኤች በስተቀር በመነሻ ቺፕ ውስጥ የተገኙት ሁሉ ድምፃቸውን ያጠፉ ነበሩ፤ ኮምፒዩተሩ እንደ ወትሮው በሰላም ይነሣል። ሥራቸውም መታየት ስላልሆነ ሰዓት አያዛቡም፣ ጥያቄም አይጠይቁም። በጩኸት የሚነሣ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ በሽተኛ ነው። ከተዘረዘሩት ምልክቶች መካከል በቁም ነገር ሊያዝ የሚገባው ዲስኩ ተለውጦ እንኳ ተመልሶ የሚመጣው ፕሮግራም ነው።

ይህን ለመመርመር የሚሻ የኮምፒዩተር ወይም የፊዚክስ መምህር በአቅሙ ሊሠራው የሚችል አለ። የመነሻ ቺፑ ብዙውን ጊዜ ስምንት እግር ያለው ነው። ኮምፒዩተሩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ ባትሪውም ወጥቶ፣ በርካሽ በሚገኝ የቺፕ ማንበቢያ እግሮቹን ቈንጥጦ ይዞ ይዘቱን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር መቅዳት ይቻላል። ማንበቢያው የሚሰጠው ቮልት ለቺፑ ተስማሚ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ቺፑ ይቃጠላል። ቅጂው ሁለት ጊዜ ይወሰድና ሁለቱ አንድ መሆናቸው ይታያል። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ለዚያው ሞዴልና ለዚያው እትም ካወጣው ፋይል ጋር ይነጻጸራል። ሁለቱ ሙሉ በሙሉ አንድ አይሆኑም፤ የኮምፒዩተሩ መለያ ቁጥርና ባለቤቱ የመረጣቸው ቅንብሮች በዚያው ቺፕ ላይ ስለሚጻፉ በዚያ ክፍል ልዩነት መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ልዩነቱ ትእዛዞቹ በተጻፉበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን ኮምፒዩተሩን ከመረብ መለየት፣ ቅጂውንም ምንም ሳይነኩ አስቀምጦ ለሚያውቅ ማሳየት ነው።